ለኩላሊት ሲባል የሚገዛ የደም ግፊት መለኪያ፦ ድሬዳዋ ላይ የትኛውን፣ እንዴት?

ድሬዳዋ ውስጥ «ለኩላሊት ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሞልቷል፤ የሻይ ቅጠሉ፣ የተፈጨው ሥራ ሥር፣ የሽፈራው ዱቄቱ። ገንዘብ ቢወጣበት የማይቆጨው ዕቃ ግን ማሸጊያው ላይ ኩላሊት የሚል ቃል የለበትም። ክንድ ላይ ታስሮ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር የሚያሳየው የደም ግፊት መለኪያ ነው። እዚህ የምንገመግመው እሱን ነው።

ኩላሊትን ከሚያደክሙት ሕመሞች ፊተኞቹ ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። እያንዳንዱ ኩላሊት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ መልሰው ለደም ይሰጣሉ፤ በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። ማጣሪያዎቹ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ጥቅል ስለሆኑ ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ግድግዳቸው ይደነድናል፣ ይጠባል፣ ይዘጋል። የተዘጋው ተመልሶ አይከፈትም። የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውሃ እየያዘ ግፊቱን መልሶ ያንረዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም፤ «ራሴን አያመኝም፣ ግፊት የለብኝም» የሚለው ስሌት የማይሠራው ለዚህ ነው። የሚያውቀው መለኪያው ብቻ ነው።

ከተማው ውስጥ የሚገኙት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። በእጅ የሚነፋውና በጆሮ ማዳመጫ የሚለካው በሠለጠነ እጅ በጣም ጥሩ ነው፤ ለቤት ግን አይሆንም። ብቻውን የሚኖር ሰው ራሱን በዚህ በትክክል መለካት ይቸግረዋል፤ መለኪያው አንዴ ከወደቀ በኋላ ቁጥር የሚያሳየው መርፌ ከዜሮ ላይ ፈቀቅ ይልና ማንም ሳያስተውል ለወራት የተዛባ ቁጥር ይሰጣል። ሁለተኛው የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ነው። ትንሽ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ይወደዳል። ችግሩ አንጓው ልክ በልብ ከፍታ ላይ ካልተያዘ ቁጥሩ መሳሳቱ ነው፤ እጅ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ብቻ የላይኛው ቁጥር በ7 ወይም በ8 ከፍ ይላል። ክንዱ በጣም ወፍራም ሆኖ ማሰሪያ ላጣ ሰው ካልሆነ በስተቀር አንመክረውም። የስልክ ካሜራ ላይ ጣት አስቀምጦ ግፊት እናሳያለን የሚሉት መተግበሪያዎች ደግሞ ከግምገማው ውጪ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት መጀመርም ሆነ ማቆም አደገኛ ነው።

ስለዚህ የሚገዛው ሦስተኛው፣ የላይኛው ክንድ ላይ ታስሮ ራሱ የሚነፋው ማሽን ነው። ብሉቱዝ፣ የሚናገር ድምፅ፣ ባለቀለም ስክሪን ዋጋ ይጨምራሉ እንጂ ትክክለኛነት አይጨምሩም። ገንዘቡ መዋል ያለበት ሁለት ነገር ላይ ነው፦ ሞዴሉ ተፈትሾ ያለፈ መሆኑና ማሰሪያው ለክንዱ ልክ መሆኑ። ለመጀመሪያው፣ ስትራይድ ቢፒ (STRIDE BP) የሚባል ነፃ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር እዚያ ፈልጉ። የኩባንያው ስም ብቻ አይበቃም። ስመ ጥር የሆኑት እነ ኦምሮን ብዙ ሞዴል ስላላቸው የሚፈለገው ቁጥሩ ነው፤ የታወቀ ስም የሚመሰልበትም ጊዜ ስላለ ካርቶኑ ላይና ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ከቻርጀርና ከእጅ ባትሪ ጋር ተቀላቅሎ ከሚሸጠው ይልቅ ደረሰኝና ዋስትና የሚሰጥ መድኃኒት ቤት ይመረጣል፤ ትንሽ ቢወደድም ሲበላሽ የምትመልሱበት ሰው አለ።

ማሰሪያው ላይ ጊዜ ወስደን እንናገር፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከዚህ ጨርቅ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ሐረር ያላችሁ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ብቅ ብላችሁ ከአንዱ ሰፊ ተዋሱ፣ አይከለክላችሁም። ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ያለውን ርዝመት ለሁለት ከፍላችሁ መሃሉ ላይ የክንዱን ዙሪያ ለኩ። ካርቶን ውስጥ አብሮ የሚመጣው መካከለኛ ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ከ32 እስከ 42 የሚለውን ትልቁን ጠይቁ፤ ከ22 እስከ 42 ላለው ክንድ ሁሉ የሚሆን አንድ ማሰሪያ ያላቸው ሞዴሎችም አሉ። ጠባብ ማሰሪያ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ቁጥሩን ያንረዋል፤ በጣም ሲጠብ ልዩነቱ 20 ሊደርስ ይችላል። ሰውየው ግፊት ሳይኖርበት መድኃኒት ይጀምራል ማለት ነው። ቀጭን ክንድ ላይ የታሰረ ሰፊ ማሰሪያ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ አድርጎ ያሳያልና የታመመውን ጤነኛ ያስመስላል፤ ይሄኛው ይብሳል። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካለ ማሰሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳዩኝ በሉ።

እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ሞክሩት። አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ፣ በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ሦስት ጊዜ ለኩ። የመጀመሪያው ከፍ ቢል አይግረማችሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የላይኛው ቁጥር ከ10 በላይ ከተራራቀ እንደገና ሞክሩ፤ ደጋግሞ የሚዋዥቅ ከሆነ ሌላ ይምጣ። ሲነፋ አየር የሚያፏጭ ከሆነ ቱቦው ወይም ማሰሪያው ውስጥ ያለው ፊኛ ቀዳዳ አለው።

ስለ ኤሌክትሪክ፦ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ፤ መብራት ሲሄድ የጠዋቱ ልኬት አይቀርባችሁም። አብዛኞቹ አራት የጣት ባትሪ ይወስዳሉ። ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን አውጡ፣ ፈስሶ ማሽኑን ይበላዋል። ሙቀቱም አይረሳ። መመሪያዎቹ በብዛት የሚፈቅዱት ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ቦታ መጠቀምን ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ የተረሳ ማሽን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። የማሰሪያው ማጣበቂያ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ሲይዝ በነፋ ቁጥር ተገንጥሎ ይከፈታል፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አራግፉት።

አሁን አለካኩ። ጠዋት ከተነሡ በኋላ ሽንት ይሸና፤ የሞላ ፊኛ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ቡና፣ ሲጋራ፣ ደረጃ መውጣት ካለ 30 ደቂቃ ይለፍ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመዋጡ በፊት ይለካ። ጀርባ የተደገፈበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እግር መሬት ላይ፣ እግር ሳይነባበር፣ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት ነው። ምንጣፍ ላይ እግር አጣጥፎ ወይም ትራስ ላይ ጋደም ብሎ መለካት ቤታችን የለመደው ነው፤ ለዚህ ግን ወንበር ፈልጉ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ አርፎ በልብ ከፍታ ይሁን፤ ጠረጴዛው ዝቅ ካለ ትራስ ከሥሩ ይግባ። ማሰሪያው ባዶ ቆዳ ላይ፣ ከክርን እጥፋት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ቱቦው ወደ መሃል ጣት አቅጣጫ ወርዶ ይታሰር። እጅጌ ጠቅልሎ ክንድን ማነቅም ከልብስ በላይ ማሰርም ሁለቱም ያሳስታሉ። እየተለኩ ማውራት ብቻውን ቁጥሩን በ10 ያህል ሊጨምር ይችላል። ድሬ ላይ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል፤ ለእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ግን ይቻላል።

ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን ይለካ። የመጀመሪያው ቀን ይጣልና የቀሪው ስድስት ቀን አማካይ ይውጣ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ክንድ ለክታችሁ ከፍ ባለው ቀጥሉ። ረመዳን ላይ ከሱሁር በፊት አንዴ፣ ከኢፍጣር በፊት አንዴ መለካት ይቻላል፤ ጦም ከተፈታ በኋላ ወዲያው የሚለካው ግን ምግቡና ቡናው ስላለበት ለንጽጽር አይመችም።

በርጫን ሳያነሡ ድሬና ሐረር ላይ ስለ ግፊት መጻፍ አይቻልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ውጤቱም ቅሞ ከጨረሱ በኋላ ለሰዓታት ይቆያል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ የተቀመጠ ሰው ማታ 1 ሰዓት ሲለካ ያየውን ቁጥር «የጫቱ ነው» ብሎ ይጥለዋል። መጣል የለበትም። አልፎ አልፎ የሚቅም ሰው በማይቅምበት ሳምንት ይለካ፤ በየቀኑ የሚቅም ግን ያ ከፍ ያለ ግፊት በየቀኑ ኩላሊቱ ላይ የሚያርፍ እውነተኛ ጭነት ነው። ደብተሩ ላይ ጠዋት የተለካውንና ከበርጫ በኋላ የተለካውን ለየብቻ ጻፉ፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ማየት አለበት። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳ፣ የሚበላው ጨው የበዛበት ኦቾሎኒ፣ የሚቀረው እራትና እንቅልፍ ተደምረው ሌላ ጭነት ናቸው። ለማይተው ሰው ቢያንስ ለስላሳው በውሃ ይተካ፣ የቅሚያው ቀናት ይቀነሱ፣ የግፊት ክኒን በምርቃና ሰበብ አይዘለል።

ሌላው የድሬ ጉዳይ ሙቀቱ ነው። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ላብ ደግሞ ጨውና ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ ክኒን የሚወስድ ሰው በግንቦትና በሰኔ ግፊቱ ወርዶ ሲነሣ ሊያዞረው፣ ሐረር ወይም አዲስ አበባ ወጥቶ ሲከርም ደግሞ ከፍ ሊልበት ይችላል። ይህ ማሽኑ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቁጥሩን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ ክኒኑን በራስ መቀነስም አይገባም።

የቤት አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋል። ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት የሚፈለገው ልክ ከዚያ ዝቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ከ130 በ80 በታች ነው፤ ልኩን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። 180 በ120 ካለፈ አምስት ደቂቃ አርፎ እንደገና ይለካ። ደረት የሚያም፣ ትንፋሽ የሚያጥር፣ ዓይን የሚጋረድ፣ ግማሽ አካል የሚደነዝዝ ወይም ምላስ የሚተሳሰር ከሆነ ድጋሚ መለካት ሳያስፈልግ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነችና 140 በ90 ከደረሰ በዚያው ቀን ትታይ፤ ለእሷ የሚገዛው ማሽን በእርግዝና ላይ የተፈተሸ መሆኑም ይረጋገጥ።

ማሽኑ ኩላሊትን በራሱ አይጠብቅም፤ የሚጠቅመው የዕለት ልማድ ሲለወጥ ውጤቱን ስለሚያሳይ ነው። ጨው ላይ ይህ በደንብ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ሳይከመር ልኩን የሞላ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ በወጡ፣ በዳቦውና በሁሉም ውስጥ ያለው ተደምሮ። የቅመም ኩብ ክብደቱ ግማሽ ገደማ ጨው ስለሆነ ኩብ የገባበት ሩዝ ወይም ፓስታ ተጨማሪ ጨው አያስፈልገውም። ፉሉ ላይ፣ ሳምቡሳው ውስጥ፣ ሆጃ በሚባለው ጨው የሚጨመርበት መጠጥ ውስጥ ያለውንም ቁጠሩ። አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ ለቤቱ የሳምንት ጨው አንድ ማሰሮ ለዩ። ለአምስት አዋቂ ሰው በሳምንት 175 ግራም ነው ጣሪያው፣ ዳቦና ከውጭ የሚበላው ስላለ 100 ግራም ላይ ብትጀምሩ ይሻላል። ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ጣዕሙን ይይዙታል። አራት ሳምንት ከቆያችሁ በኋላ ያንኑ የሰባት ቀን ልኬት ድገሙ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ለምግብ ጥሩ ናቸው፤ የክኒን ምትክ ግን አይደሉም።

ማስታገሻው ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጉዳት ነው። ዴንጊ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ፣ ቺኩንጉንያ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን የመቱ ወረርሽኞች ናቸው፤ ቺኩንጉንያ የሚተወው የመገጣጠሚያ ሕመም ለወራት ስለሚቆይ ሰው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን በራሱ ገዝቶ መዋጥ ይለምዳል። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር የሚያሰፋውን ንጥረ ነገር ይዘጋሉ፤ ግፊቱንም ከፍ ያደርጋሉ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉትን የግፊት ክኒኖች የሚወስድ ሰው በላብ ወይም በተቅማጥ ውሃ ጎድሎት ሳለ ከእነዚህ አንዱን ሲጨምር ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ትኩሳት ሲኖርና ዴንጊ ሲጠረጠር ደግሞ መድማትን ስለሚያባብሱ ጭራሽ አይነኩም። ለግፊት፣ ለስኳርና ለኩላሊት ታማሚ በልኩ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይሻላል። መድኃኒት ቤት ስትገቡ «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» የሚለውን ቃል ከማስታገሻው ስም አስቀድሙ።

ውሃን በተመለከተ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይተው «የድሬ ውሃ ጠጠር ያመጣል» ብለው ትንሽ የሚጠጡ አሉ። የሚጋገረው በብዛት የካልሲየምና የማግኒዥየም ጨው ነው። ጠጠርን በዋናነት የሚያበረታታው ግን የሽንት መወፈር ነው፤ ውሃውን ሸሽቶ ትንሽ መጠጣት ጠጠሩን መጋበዝ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ የቤቱን የፈላ ውሃ ሞልቶ ጠዋት ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ግማሽ ሃይላንድ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምር። መለኪያው ሽንቱ ነው፦ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ገለባ ይምሰል። ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው በቀን ከሁለት ሊትር የማያንስ ሽንት እንዲኖረው ይጠጣ። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ደክሞ እግሩ ያበጠ ሰው ግን ይህ አይመለከተውም፤ የእሱን ልክ ሐኪሙ ይስጠው።

መለኪያው የማያሳየው ነገርም አለ። ግፊቱ ጥሩ ሆኖ ኩላሊቱ እየተጎዳ ያለ ሰው፣ በተለይ ስኳር ያለበት፣ በዓመት አንዴ የሽንት ፕሮቲንና የደም ክሬአቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያወጣው ቆሻሻ) መመርመር አለበት። የሽንት ስትሪፕ ርካሽ ነው፣ ቤትም ሊሠራ ይችላል፦ የጠዋት ሽንት፣ መጀመሪያውን አፍስሶ መሃሉን ቀድቶ፣ ነክሮ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሰከንድ ማንበብ። ለፕሮቲን በብዛት 60 ሰከንድ ነው። ጠርሙሱ ክፍት ካደረ እርጥበት ያበላሸዋል። ትኩሳት ወይም ከባድ ሥራ ባለበት ቀን ፕሮቲን ለጊዜው ሊታይ ስለሚችል በሌላ ቀን ይደገም። ስትሪፑ ጥቂት የሚፈስ ፕሮቲንን አያይም፤ ለስኳር ታማሚ የአልቡሚንና የክሬአቲኒን ምጥጥን የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ይጠየቅ። ክሬአቲኒንም ብቻውን ያዘናጋል፤ የኩላሊቱ አቅም ግማሽ እስኪቀንስ ድረስ በልኩ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ውጤቱ ከዕድሜና ከፆታ ጋር ተሰልቶ የማጣራት አቅሙ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ክትትል ይጀመራል።

ሁሉም ቤት ይግዛ አንልም። ከ40 ዓመት በታች የሆነ፣ ስኳር የሌለበት፣ በቤተሰቡም የኩላሊት ታሪክ የሌለ ሰው በዓመት አንዴ ጤና ጣቢያ መለካቱ ይበቃዋል። ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ እናት ወይም አባቱ የኩላሊት እጥበት ላይ ላሉበት፣ በእርግዝና ጊዜ ግፊት ለነበራት ሴት ግን ከቴሌቪዥን የሚቀድም ዕቃ ነው። አቅም ካነሰ ጎረቤት ተጋርቶ መግዛት ይችላል፤ መካከለኛና ትልቅ ማሰሪያ አብሮ ከተገዛ አንድ ማሽን አራት አምስት ቤት ያገለግላል። ማሽኑ በየቤቱ ተራ እየገባ ሳምንት ይክረም እንጂ ቡና ላይ ተሰብስቦ እየተሳሳቁ መለካት አይጠቅምም፤ የዚያን ሰዓት ቁጥር ማንም ሊተማመንበት አይችልም።

በዓመት አንዴ ማሽኑን ራሱን ይዛችሁ ክትትል ወደምታደርጉበት ሆስፒታል፣ ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሂዱና ባለሙያው ከለካ በኋላ በዚያው ክንድ በእናንተው ማሽን ለኩ። ልዩነቱ ተደጋግሞ ከ10 ካለፈ መጀመሪያ ማሰሪያው ይቀየር፤ ያም ካልፈታው ማሽኑ ይቀየር። ደብተሩንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሁለቱ ቁጥር፣ በጎኑም «ጫት»፣ «ክኒን ዘለልኩ»፣ «ማስታገሻ ወሰድኩ» የሚሉት ማስታወሻዎች ያሉበትን።